የሥራ ጥሪ ከሌላ ከተማ ሲመጣ፦ የደመወዝዎን እውነተኛ ዋጋ ራስዎ የሚያሰሉበት መንገድ

ከሌላ ከተማ የሥራ ጥሪ ሲመጣ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ደመወዙ ላይ ነው። አሁን ከሚከፈልዎ በግማሽ የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ታዲያ ምን ያጠራጥራል?» ይላል። የሚያጠራጥር ነገር አለ። ያ ደመወዝ የሚወጣው በዚያ ከተማ ኪራይ፣ በዚያ ከተማ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ በዚያ ከተማ የትራንስፖርት ዋጋ ነው። ቁጥሩ አድጎ ኑሮው የሚጠብበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቁጥሩ አንሶ ኑሮው የሚሻልበትም አለ።

አሁን ያሉበትን ከተማ «ሀ»፣ ጥሪው የመጣበትን «ለ» እንበላቸው። ከዚህ በታች የሚመጡት የደመወዝና የወጪ ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተቀመጡ ስለሆኑ በየትኛውም ገንዘብ ሊያስቧቸው ይችላሉ። ያለፉትን ሦስት ወራት ወጪዎን የሚያሳይ መዝገብ ወይም የባንክ መግለጫ አጠገብዎ ያድርጉ።

1. ከተጣራ ደመወዝ ይነሡ

በቅጥር ደብዳቤ ላይ የሚሰፍረው አብዛኛውን ጊዜ ያልተጣራው ነው። የገቢ ግብር በብዙ አገሮች በእርከን የሚያድግ በመሆኑ ደመወዝ ከፍ ባለ ቁጥር ከጭማሪው ላይ የሚቆረጠው ድርሻም ከፍ ይላል። በምሳሌያችን በሀ ከ30,000 ላይ ተቆርጦ 24,000 እጅ ይገባል፤ በለ ከ46,000 ላይ ተቆርጦ 36,000። ያልተጣራው በ53 በመቶ ገደማ ጨመረ፣ ኪስ የሚገባው ግን በ50 በመቶ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ትንሽ ነው፤ ሁለቱ ከተሞች በተለያየ የግብር ሕግ ሥር ሲሆኑ ግን ይሰፋል። አሜሪካን ብንወስድ ቴክሳስና ፍሎሪዳ በግዛት ደረጃ ከደመወዝ ላይ ግብር አይቆርጡም፤ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ይቆርጣሉ፤ ኒውዮርክ ከተማ ደግሞ የራሷን ትጨምራለች። በሌላ በኩል የቴክሳስ የንብረት ግብር ከፍ ያለ ነው። በአንዱ በር ያልተጠየቀ ግብር በሌላው በር እንዳይመጣ ሁለቱንም ይጠይቁ።

ከደመወዙ ጋር የሚመጡትን ጥቅማጥቅሞችም በገንዘብ ተምነው ይያዙ። የጤና መድን፣ የትራንስፖርት አገልግሎት ወይም የቤት አበል ካለ፣ ያንን ከኪስዎ ቢከፍሉ ኖሮ ስንት ይወጣ እንደነበር ይጻፉ። አሁን ያለዎትና እዚያ የማያገኙት ጥቅም ካለ ደግሞ ከአዲሱ ላይ ይቀንሱ።

2. የራስዎን የወር ወጪ ዝርዝር ያውጡ

ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ዘሎ አማካይ የኑሮ ውድነት ቁጥር ፍለጋ ይሄዳል። አማካዩ የተሠራው ግን ለአማካይ ቤተሰብ ነው። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኤርንስት ኤንግል በ1857 የቤልጂየም ቤተሰቦችን ወጪ መርምሮ ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ገቢ ሲጨምር ከጠቅላላ ወጪ ውስጥ የምግብ ድርሻ ይቀንሳል። ስለዚህ ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ምግብ በሚወደድበት ከተማ ከአማካዩ በላይ ይጎዳል። ልጅ የሌለው ሰው የትምህርት ቤት ክፍያ ሰማይ በነካበት ከተማ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ የሦስት ልጆች እናት በዚያው ከተማ ወሩን መጨረስ ያቅታታል። የሁለቱ ኑሮ በአንድ አማካይ ቁጥር ሊለካ አይችልም።

የሦስቱን ወራት ወጪ ደምረው ለሦስት ያካፍሉ። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚከፈሉትን፣ ማለትም የትምህርት ቤት ምዝገባን፣ መድንን፣ የክረምት ልብስን ለ12 አካፍለው ይጨምሩ። ለራስ ታማኝ መሆን የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚወጣው ገንዘብ ሳይመዘገብ ከቀረ የኋላው ስሌት ሁሉ ይዛባል።

3. ያንኑ ዝርዝር በአዲሱ ከተማ ዋጋ ይተምኑ

እያንዳንዱን መስመር በለ ዋጋ ያስሉ። የምሳሌያችን ዝርዝር ይህን ይመስላል፤ የመጀመሪያው ቁጥር የሀ፣ ሁለተኛው የለ ነው።

የቤት ኪራይ፦ 6,000 / 12,600
ምግብና አስቤዛ፦ 5,500 / 6,600
የልጅ ትምህርትና ጥበቃ፦ 2,800 / 5,000
ትራንስፖርት፦ 1,500 / 2,400
ውሃ፣ መብራት፣ ስልክና ኢንተርኔት፦ 1,200 / 1,400
ልብስና የቤት ዕቃ፦ 1,000 / 1,000
ሕክምና፦ 600 / 800
ልዩ ልዩ፦ 1,400 / 1,900
ድምር፦ 20,000 / 31,700

ጭማሪው በሁሉም መስመር ላይ እኩል አይደለም። ልብስና ዕቃ ምንም አልጨመረም፤ ኪራይ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በመኪና ተጭኖ ከቦታ ቦታ የሚሄድ ሸቀጥ በአንድ ቦታ ሲወደድ ነጋዴ ከረከሰበት ያመጣዋል፤ ስለዚህ ዋጋው በሁለቱም ከተሞች ይቀራረባል። መሬት ግን አይጫንም። ፀጉር ቆራጭ፣ ሞግዚት፣ አስተማሪም በየዕለቱ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው አይመላለሱም። የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን በ1964፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ይህንኑ ለአገሮች አሳይተዋል። ምርታማነት ከፍ ባለበት አገር ለንግድ የሚወጡ ዕቃዎችን የሚያመርተው ዘርፍ ደመወዝ ከፍ ይላል፤ ሌላው ዘርፍም ሠራተኛ እንዳይሸሸው አብሮ ይከፍላል፤ በዚያው የአገልግሎት ዋጋ ይንራል። በአንድ አገር ከተሞች መካከልም ተመሳሳይ ነገር ይታያል።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ትርጉሙ የሚከተለው ነው። ጊዜዎ አጭር ከሆነ የስኳርና የሳሙና ዋጋ እያነጻጸሩ አይድከሙ። ኪራይን፣ የልጅ ትምህርትና ጥበቃን፣ ትራንስፖርትን በትክክል ካገኙ አብዛኛውን ሥራ ጨርሰዋል። በምሳሌያችን ከ11,700 ጭማሪ ውስጥ 9,700 የመጣው ከእነዚህ ከሦስቱ ነው።

ኪራይ ሲጠይቁ ሦስት ነገር ያረጋግጡ። መጀመሪያ፣ ቤቱ አሁን ከሚኖሩበት ጋር በክፍል ብዛት፣ በውሃና መብራት አቅርቦት፣ በአካባቢው ሰላም የሚመጣጠን ይሁን። ሁለተኛ፣ ከሥራ ቦታ ያለውን ርቀት አብረው ይያዙ፤ ርካሽ ቤት ከሩቅ ሰፈር ተገኝቶ ትርፉ በትራንስፖርት ያልቃል። ሦስተኛ፣ ለአዲስ ተከራይ የሚጠየቀውን ዋጋ ይውሰዱ። እዚያ ለዓመታት የኖረ ወዳጅዎ የሚከፍለው የቆየ ውል ሊሆን ስለሚችል የእሱን ኪራይ እርስዎ አያገኙትም።

4. ሁለት መልስ ያውጡ

እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን መልስ ብቻ ይዞ ሲሮጥ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ከምጣኔ ይገኛል። 31,700ን ለ20,000 ያካፍሉ፤ 1.585 ይመጣል። የእርስዎ ኑሮ በለ ከሀ ይልቅ በ58.5 በመቶ ይወደዳል ማለት ነው። የለን ደመወዝ በዚህ ምጣኔ ያካፍሉ፤ 36,000 ሲካፈል ለ1.585 ወደ 22,700 ይሆናል። በ50 በመቶ የጨመረ የመሰለው ደመወዝ በሀ ዋጋ ሲመነዘር አሁን ከሚያገኙት 24,000 በ5 በመቶ ገደማ ያንሳል። አሁን ካለው የመግዛት አቅም ጋር እኩል ለመሆን 24,000 ሲባዛ በ1.585፣ ማለትም 38,040 ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መልስ ከተራፊው ይገኛል። በሀ ከ24,000 ላይ 20,000 ወጥቶ 4,000 ይተርፋል። በለ ከ36,000 ላይ 31,700 ወጥቶ 4,300 ይተርፋል። በምጣኔው የከሰሩት ሰው በተራፊው 300 አተረፉ።

የትኛው ነው እውነቱ? የሚወስነው ተራፊው ገንዘብ የት እንደሚውል ነው። በየወሩ የሚተርፈው 4,000 ሀ ላይ ላለ ብድር የሚከፈል፣ ሌላ ቦታ ላሉ ወላጆች የሚላክ ወይም ወደፊት ተመልሰው በሀ ቤት ለመግዛት የሚቀመጥ ከሆነ፣ የለ ውድነት አይነካውም። ይህ ገንዘብ በለ ዋጋ መካፈል የለበትም። እኩል ለመሆን የሚያስፈልግዎ 31,700 ሲደመር 4,000፣ ማለትም 35,700 ብቻ ነው፤ 36,000ው ያንን ያልፋል። የሚቆጥቡት ግን በለ ቤት ለመግዛት፣ እዚያው ልጅ ለማስተማር ከሆነ፣ ቁጠባዎም በለ ዋጋ ይሸረሸራል፤ የሚያስፈልግዎ 38,040 ነው።

ስለዚህ ከ35,700 እስከ 38,040 ያለው ርቀት የእርስዎ የመወሰኛ ሜዳ ነው። ከታችኛው ጫፍ በታች የመጣ ጥሪ በየትኛውም ስሌት ያከስራል፤ ከላይኛው በላይ የመጣ በየትኛውም ስሌት ያተርፋል። በመካከሉ ያለውን የሚፈርደው የራስዎ ዕቅድ ነው፣ ማንም አማካሪ ሊነግርዎ አይችልም።

ወደ ርካሽ ከተማ የሚሄድ ሰው ይህንኑ ገልብጦ ያንብበው። ከለ ወደ ሀ፣ ከ36,000 ወደ 24,000 የሚወርድ ሰው በምጣኔው ይሻለዋል፣ ተራፊው ግን ከ4,300 ወደ 4,000 ዝቅ ይላል። በለ ሳለ የወሰደው ብድር ካለ ዕዳው አብሮት ይሄዳል እንጂ ከከተማው ጋር አይረክስም። ኑሮው ቀልሎት ዕዳው የሚከብደው ለዚህ ነው።

5. ሰው ኑሮውን እንደሚያስተካክል ይቁጠሩ

እስካሁን የተጠቀምነው የሀን የኑሮ ዝርዝር እንዳለ ወስዶ በለ ዋጋ መተመንን ነው። ጀርመናዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ኤቲየን ላስፔየር በ1871 ያቀረበው የስሌት ዘዴ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሲሆን የታወቀ ድክመት አለው፤ ውድነቱን ያጋንናል። ሰው አዲስ ከተማ ሲገባ የተወደደውን ቀንሶ የረከሰውን ያበዛል። የራሱን መኪና ትቶ በባቡር ይሄዳል፣ ከሱቅ ይልቅ ከገበያ ይገዛል። ሄርማን ፓሽ በ1874 ተቃራኒውን ሐሳብ አቀረበ፤ አዲሱን ዝርዝር ይዞ ወደ ኋላ መተመን። ይህኛው ደግሞ ውድነቱን ያሳንሳል። በኋላ አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ኢርቪንግ ፊሸር የሁለቱን ምጣኔ አባዝቶ ስኩዌር ሩታቸውን መውሰድን መረጠ።

እርስዎም ይችላሉ። በለ ውስጥ በእርግጥ የሚኖሩትን ኑሮ አስበው ሁለተኛ ዝርዝር ይሥሩ። ያ ዝርዝር በለ 28,400፣ በሀ 18,500 ቢያወጣ ምጣኔው 1.535 ነው። 1.585 ሲባዛ በ1.535፣ ስኩዌር ሩቱ 1.56 ገደማ ይሆናል። በዚህ ሲሰላ የሚያስፈልገው 38,040 ሳይሆን 37,440 ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። መተካትንና መጎዳትን አይቀላቅሉ። ከመኪና ወደ ጥሩ ባቡር መዞር መተካት ነው። ከሦስት ክፍል ወደ አንድ ክፍል ገብቶ ልጆችን ሳሎን ማስተኛት የኑሮ መውረድ ነው። በሁለተኛው ዝርዝር ላይ ጠባብ ቤት አስገብተው ምጣኔው ቀነሰ ብለው ከተደሰቱ ራስዎን አታለሉ።

6. ሰዓቱንና የአንድ ጊዜ ወጪውን ያስገቡ

በሀ በቀን አንድ ሰዓት፣ በለ በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያልፍ ከሆነ፣ በወር 22 የሥራ ቀን 22 እና 66 ሰዓት ነው። የሥራ ሰዓቱ በሁለቱም 176 ይሁን። በሀ 24,000 ለ198 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 121 ይመጣል። በለ 36,000 ለ242 ሲካፈል 149 ገደማ ይሆናል፤ በ1.585 ሲካፈል ወደ 94 ይወርዳል። በምጣኔው 5 በመቶ የነበረው ኪሳራ በሰዓት ሲሰላ ከ20 በመቶ በላይ ሆነ። መንገድ ላይ የሚጠፋ ሰዓት ከልጅ፣ ከእንቅልፍ፣ ከተጨማሪ ሥራ የተነጠቀ ስለሆነ ይህን ስሌት እንደ ትርፍ ነገር አይዩት።

የመዛወሪያ ወጪም አለ፦ የዕቃ ማጓጓዣ፣ ለአከራይ የሚሰጥ ቅድሚያ ክፍያና ማስያዣ፣ የደላላ፣ አዲስ የትምህርት ቤት ምዝገባ። የሚመለስልዎትን ማስያዣ ትተው ቀሪውን ይደምሩና እዚያ እቆያለሁ ብለው ለሚያስቡት የወር ብዛት ያካፍሉ። 48,000 ወጥቶ ሁለት ዓመት ለመቆየት ከታሰበ በወር 2,000 ነው። ከላይ በተራፊው የተገኘችው 300 ሄደች፤ ታችኛው ጫፍም ከ35,700 ወደ 37,700 ከፍ አለ።

ባለትዳር ከሆኑ የሁለቱንም ገቢ በአንድ ላይ ያስሉ። የባል ወይም የሚስት ሥራ ለጥቂት ወራት ቢቋረጥ የአንዱ ጭማሪ ያንን አይሸፍነውም፤ ከሁሉም በላይ ብዙ ቤተሰብ የሚረሳው ይህን ነው።

7. የታተሙ ቁጥሮችን ለማመሳከሪያ ብቻ ይጠቀሙ

የራስዎን ስሌት ከጨረሱ በኋላ ይፋ ከሆኑ መረጃዎች ጋር ያስተያዩት፤ ልዩነቱ በጣም ከሰፋ አንድ መስመር ተሳስቷል ማለት ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ የኢኮኖሚ ትንተና ቢሮ የግዛቶችንና የትልልቅ ከተሞችን የዋጋ ደረጃ የአገሩን አማካይ 100 አድርጎ ያወጣል። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ከ110 በላይ፣ እንደ ሚሲሲፒ ያሉት ከ90 በታች ይውላሉ፤ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣውም ኪራይ ነው። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አንዱ ቦታ 88፣ ሌላው 110 ቢሆን 110ን ለ88 ያካፍሉ፤ 1.25 ይመጣል። በመጀመሪያው 40,000 የሚያገኝ ሰው በሁለተኛው 50,000 ካላገኘ በአማካይ ኑሮው ዝቅ ይላል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ቁጥር ስላለ ይጠንቀቁ፤ የሸማቾች የዋጋ ኢንዴክስ። ይህ የሚለካው በአንድ ቦታ ዋጋ ከመነሻ ዓመቱ ወዲህ ምን ያህል እንደተለወጠ ነው። የአንዱ ከተማ 150፣ የሌላው 130 ቢሆን የመጀመሪያው ይወደዳል ማለት አይደለም፤ ዋጋው በፍጥነት ጨምሯል ማለት ብቻ ነው። ከመጀመሪያውም ርካሽ የነበረ ከተማ በፍጥነት ጨምሮ አሁንም ርካሽ ሊሆን ይችላል። የዋጋ ግሽበትና የኑሮ ውድነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የሚጠቅምዎ የዛሬው ስሌት ከዓመት በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ነው።

ጥሪው ከሌላ አገር ከሆነ በባንክ ምንዛሪ ብቻ አያስሉ። ስዊድናዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ጉስታቭ ካሰል በ1918 ስም የሰጠው የመግዛት አቅም ንጽጽር፣ ማለትም ያንኑ ዕቃና አገልግሎት ለመግዛት በየአገሩ ገንዘብ ስንት እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ1968 ጀምሮ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የዋጋ ንጽጽር ፕሮግራም ይለካል፤ ውጤቱን የዓለም ባንክ ያወጣዋል። ለጠቅላላ ምርት የተሠራውን ትተው ለግል ፍጆታ የተሠራውን ይምረጡ። ቁጥሩ የአገር አማካይ ስለሆነ ወደ ዋና ከተማ የሚሄዱ ከሆነ በጥርጣሬ ይያዙት። እንደገናም ተራፊውን ወደ አገርዎ የሚልኩ ከሆነ ለዚያኛው ክፍል ትክክለኛው መለኪያ የባንክ ምንዛሪ ነው።

እንደ ሜርሰር ያሉ ድርጅቶች የሚያወጡት የውድ ከተሞች ደረጃ በውጭ አገር ለሚመደቡ ሠራተኞች የተሠራ ነው፤ የአገሬው ሰው ኑሮ መለኪያ አይደለም። እንደ ኑምቢዮ ያሉ ድረ ገጾች ደግሞ ተጠቃሚዎች በሚያስገቡት ዋጋ ላይ ይመሠረታሉ፤ ሰው በብዛት በሚያስገባበት ትልቅ ከተማ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣሉ፣ በትንሽ ከተማ ግን ጥቂት ሰው ያስገባው ቁጥር ያሳስታል።

8. ስሌቱን ይዘው ይደራደሩ

ቀጣሪው ደመወዙን እንዴት እንደወሰነ አስቀድመው ይጠይቁ። አንዳንዱ የኑሮ ዋጋን ይከተላል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኒውዮርክን መነሻ አድርጎ ለየሥራ ቦታው ማስተካከያ ይከፍላል። ሌላው የሥራ ገበያውን ይከተላል፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1990 በወጣው ሕግ የሚከፍለው የአካባቢ ጭማሪ የሚሰላው ከፌዴራል መንግሥቱ ውጭ ያሉ ቀጣሪዎች በዚያ አካባቢ ከሚከፍሉት ጋር ተነጻጽሮ እንጂ ከኪራይና ከአስቤዛ ዋጋ አይደለም። ገበያውን ለሚከተል ቀጣሪ «ኑሮ ተወዷል» ማለት ብዙ አያራምድም፤ በዚያው ከተማ ለዚያው ሥራ ሌሎች ስንት እንደሚከፍሉ ማሳየት ይሻላል። የኑሮ ዋጋን ለሚከተለው ግን የኪራይና የትምህርት ቤት መስመሮችን ብቻ አውጥተው ያሳዩት፤ ሙሉ ዝርዝሩን ካቀረቡ ክርክሩ ወደ ጥቃቅኑ ይወርዳል።

የመዛወሪያ ወጪውን ከወር ደመወዙ ለይተው በአንድ ጊዜ ክፍያ ይጠይቁ። ለቀጣሪ በየወሩ ለዓመታት ከመጨመር አንዴ መክፈል ይቀላል፤ እርስዎም 37,700 የደረሰውን ታችኛ ጫፍ ወደ 35,700 ይመልሱታል። በቁርጥ የሚሰጥ የቤት አበል ከቀረበልዎ በየዓመቱ የሚከለስ መሆኑን በጽሑፍ ያስሰፍሩ፤ ካልተከለሰ ኪራይ ሲጨምር እሱ ባለበት ይቀራል። አበሉ በጡረታ ስሌት ውስጥ የሚገባ መሆን አለመሆኑንም ይጠይቁ። የሚጠይቁትን ቁጥር ሲናገሩ ደግሞ የተጣራውን ወደ ያልተጣራ መልሰው ይናገሩ፤ 38,040 የሚያስፈልገው ሰው 38,040 ብሎ ቢጠይቅና ቢፈቀድለት፣ ግብር ተቆርጦ ከታችኛው ጫፍ በታች ይወድቃል።

ከሄዱ በኋላ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ዝርዝሩን በእውነተኛ ወጪዎ እንደገና ይሙሉት። የመጀመሪያው ወር በመዛወር ግርግር ስለሚዛባ እሱን ይተዉት። የሙከራ ጊዜው አልቆ ደመወዝ የሚከለስበት ንግግር ሲመጣ በግምት የተሠራውን ዝርዝር ሳይሆን ይህንን ይዘው ይግቡ።